በሁለተኛው ሌሊት የተጠራው ባለመርፌ፦ የጄምስ ሬስተን ጉዳይ

ስለ አኩፓንክቸር፣ ማለትም ቀጫጭን መርፌ በመውጋት ስለሚሰጠው የቻይና ባህላዊ ሕክምና፣ ጥቂት ያነበበ ሰው ይህን ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ቻይና ሄዶ ታመመ፤ የማደንዘዣ መድኃኒት ሳይሰጠው፣ በቀጫጭን መርፌዎች ብቻ ደንዝዞ ሆዱ ተቀደደ፤ ድኖ ለዓለም አወራ። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ እያማረበት ከሃምሳ ዓመት በላይ ተሻግሯል። ግን እንዲህ አልሆነም። ሰውየው የተቀደደው በማንኛውም ሆስፒታል በሚታወቅ ማደንዘዣ ነው። የአኩፓንክቸር ባለሙያው የተጠራው ትርፍ አንጀቱ ወጥቶ፣ ቁስሉ ተሰፍቶ፣ በሁለተኛው ሌሊት ነበር። የተጠራውም ሆድ ተነፍቶ ስላስጨነቀ ነው።

እኔ እውነተኛውን ታሪክ ከተረቱ አስበልጣለሁ። ዘመናዊውንና ባህላዊውን ያጣመረው የተቀናጀ ሕክምና ምን መምሰል እንዳለበት የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ በመጀመሪያ የማነሳው ይህንኑ ጉዳይ ነው። ምክንያቱም በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ቢላዋውም መርፌውም ነበሩ፤ ሁለቱም የገቡት ግን በየተራቸው ነው። ጉዳዩ የሚያስተምረው ይህንን ተራ ነው፤ ተረቱ የሚሰርዘውም ይህንኑ ነው።

ሕመሙ

ጄምስ ሬስተን እ.ኤ.አ. በ1909 በስኮትላንድ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረ፣ ሁለት ጊዜ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ የኒውዮርክ ታይምስ አምደኛ ነበር። ጁላይ 8 ቀን 1971 ከባለቤቱ ጋር ደቡብ ቻይና ሲገባ 61 ዓመቱ ነው። በቶሎ ወደ ዋና ከተማዋ ፔኪንግ (የዛሬዋ ቤጂንግ) ለመብረር ጠየቀ፤ አስተናጋጆቹ ግን ካንቶን አካባቢ ሁለት ቀን ቆይቶ በባቡር እንዲሄድ ነገሩት። ዋና ከተማዋ የደረሰው ጁላይ 12 ጠዋት ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጸጥታ አማካሪ ሄንሪ ኪሲንጀር ከጁላይ 9 እስከ 11 በምስጢር እዚያው ከተማ እንደነበረ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰንም ቻይናን ሊጎበኙ መሆኑን የሰማው ከቀናት በኋላ ከቻይና ባለሥልጣናት አፍ ነው። የዘመኑ ትልቁ ዜና በአንድ ቀን ልዩነት አመለጠው። በኋላ ሲጽፍ፣ የመጀመሪያው ውጋት ብሽሽቱን የወጋው ይህን በሰማባት ቅጽበት እንደሆነ ይናገራል።

ማምሻውን ትኩሳቱ 103 ፋራናይት፣ ማለትም 39.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደረሰ። በሆቴሉ አልጋ ላይ ሆኖ ኪሲንጀር በሪክሾ ተቀምጦ በጣሪያው ላይ ሲንሳፈፍ፣ ፈገግ ብሎም ሲያየው ይታየው ነበር። ቀልድ እያለ የጻፈው ነገር ነው፤ ለሐኪም ግን ቁም ነገር አለው። የስድሳ አንድ ዓመት ሰው፣ በታችኛው ሆድ አካባቢ ድንገተኛ ውጋት፣ በዚያው ቀን ከፍ ያለ ትኩሳት፣ ከትኩሳቱም የተነሳ መቃዠት። እዚህ ላይ መርፌ ይዞ የሚቀርብ የአኩፓንክቸር ባለሙያ ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። የትርፍ አንጀት ብግነት ሰዓት የሚቆጥር ሕመም ነው። አንጀቱ ከፈነዳ መግል ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። መርፌ ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ቢያስታግስ እንኳ ያ ማስታገስ ራሱ አደጋ ይሆን ነበር፤ የሚያስጨንቀው ምልክት ሲደበዝዝ ሰው ተኝቶ ያድራልና።

የሆነው ሌላ ነው። በማግስቱ ሬስተን ፔኪንግ መሃል ወዳለው ሆስፒታል ተወሰደ። ይህ ሆስፒታል በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ የተገነባ፣ በ1921 የተመረቀ፣ በአገሪቱ አንጋፋ ከሆኑት ዘመናዊ የሕክምና ተቋማት አንዱ ነበር። በባህል አብዮቱ ዘመን ስሙ ተቀይሮ «ፀረ ኢምፔሪያሊስት ሆስፒታል» ይባል ነበር፤ አሜሪካዊው ሕመምተኛ የገባው ይህን ስም ወደያዘ ሆስፒታል ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤንላይ ከየሙያው የተውጣጡ ሐኪሞች እንዲያዩት አደረጉ። ውሳኔው አላከራከረም። ጁላይ 17 ፕሮፌሰር ዉ ዌይራን ትርፍ አንጀቱን አወጡለት። ማደንዘዣው ዛይሎኬይንና ቤንዞኬይን ነበር፤ የሰውነቱን መካከለኛ ክፍል ብቻ ስላደነዘዘ ሬስተን ቀዶ ሕክምናው ሲካሄድ ነቅቶ በአስተርጓሚ በኩል የሐኪሙን ትእዛዝ ይከተል ነበር። አላስመለሰውም፤ የተወሳሰበ ነገርም አልገጠመም።

ተረቱ የሚወላገደው እዚህ ጋ ነው። በዚያው ወር የቻይና መንግሥት በመርፌ ማደንዘዝ እንደሚቻል፣ በዚህ መንገድም ብዙ ቀዶ ሕክምና እንደተሠራ በይፋ አስታውቆ ነበር። በአሜሪካ ያለው አንባቢ ሁለቱን ዜናዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰማ፤ በአእምሮው ውስጥም ተጋቡ።

ሃያው ደቂቃ

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሁለተኛው ሌሊት ሬስተን ተጨነቀ። ሕመም ከማለት ይልቅ ጭንቀት ይለዋል፤ ሆዱ ተወጥሯል፣ ተነፍቷል። በዚያ ሰዓት የሆስፒታሉ የአኩፓንክቸር ሐኪም ሊ ቻንግዩዋን ተጠራ።

ሊ የ36 ዓመት ሰው ነው። የሕክምና ኮሌጅ አልገባም። ሙያውን የተማረው በዚያው ሆስፒታል ከአንድ አንጋፋ ባለመርፌ ሥር ሆኖ፣ መርፌውንም በሺህ የሚቆጠር ጊዜ በራሱ ገላ ላይ እየወጋ ነው። ሌላውን አንዴ ከመጉዳት ራስን ሺህ ጊዜ ማቁሰል ይሻላል ብሎ ለሬስተን ነግሮታል። ይህን ነገር ብዙ ሰው እንደ ጥቅስ ያነበዋል። እኔ የማየው እንደ ሥልጠና ዘዴ ነው። መርፌ ወደ ጡንቻ ሲገባ የሚሰማው ነገር በቃል አይተላለፍም። ከቆዳው ሥር አንድ ቦታ ላይ መርፌው ይያዛል፤ ዓሣ መንጠቆ እንደነካ ሁሉ ጫፉ ከበድ ይላል። ታካሚው በዚያው ቅጽበት ድንዛዜ፣ ክብደት፣ ወይም ወደ ጣት የሚሮጥ ንዝረት ይሰማዋል። ቻይናውያን ይህን «ደ ቺ» ይሉታል፤ ቺ፣ ማለትም በቻይና ሕክምና በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል የሚባለው ኃይል፣ ደረሰ ማለት ነው። በራሱ ክርንና ቅልጥም ላይ ያልሞከረ ባለሙያ የታካሚው ፊት ሲኮማተር መርፌው በትክክል ገብቶ ይሁን ነርቭ ነክቶ አይለይም።

ሊ ሬስተንን አስፈቀደ። ሬስተን ይህን «በፈቃዴ» ብሎ መዝግቦታል፤ በአንድ ቃል ያልፈዋል እንጂ ለእኔ ከጉዳዩ ምሰሶዎች አንዱ ነው። ከዚያ ሦስት ረጃጅም ቀጫጭን መርፌዎች ገቡ፤ በቀኝ ክርኑ ውጫዊ ክፍልና ከጉልበቶቹ በታች። ሊ መርፌዎቹን በየጊዜው ያሽከረክራቸው ነበር። ሕመሙ እንደ ሞገድ በእጅና በእግሩ ሮጠ፤ ቢያንስ ቢያንስ ሐሳቤን ከሆዴ ጭንቀት ላይ አነሳልኝ ይላል። በዚያው ጊዜ ሊ «አይ» የሚባለውን ቅጠል ሁለት ጥቅል ለኮሰ። ከአሪቲና ከጭቁኝ ጋር አንድ ወገን የሆነ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ እንደ ጥጥ የሚለሰልስ ተክል ነው። ሬስተን ርካሽ የሲጋር ቁራጭ የመሰለው ይህ የሚጨስ ነገር ሆዱ አጠገብ ተያዘለት። ጠቅላላው ሃያ ደቂቃ ያህል ወሰደ። የሆድ ጋዝ ለማስወጣት ይህ ሁሉ ውስብስብ ነገር ምንድን ነው ብሎ ሲያስብ እንደነበር አልደበቀም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ግን ውጥረቱ በግልጽ ረገበ፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰበትም።

አሁን ይህን ሃያ ደቂቃ በባለሙያ ዓይን እንየው።

ሬስተን መርፌዎቹ የገቡባቸውን ነጥቦች ስም አልጻፈም። ከጉልበት በታች የሚወጋና ለሆድ የሚውል ነጥብ ሲባል ግን ማንኛውም የአኩፓንክቸር ተማሪ ወዲያው የሚያስበው «ዙሳንሊ»ን ነው። ከጉልበት ሎሚ በታች አራት ጣት ወርዶ፣ ከቅልጥም አጥንቱ አንድ ጣት ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ይገኛል። በክርን ውጫዊ እጥፋት ላይ ያለው ደግሞ «ቹቺ» ሲሆን፣ የቻይና ሕክምና ነጥቦቹን ከሚደረድርባቸው መስመሮች በትልቁ አንጀት መስመር ላይ ይቆጠራል። ምርጫው ከመጻሕፍቱ ጋር ይሄዳል። ከዚያ በላይ የሚያስደስተኝ ሊ ያልወጋው ቦታ ነው። ሆድ ላይ የሚወጉ ነጥቦች ሞልተዋል፤ ለተነፋ ሆድ የሚውሉም ብዙ ናቸው። አዲስ የተሰፋ ቁስል ባለበት ሆድ ላይ መርፌ ማስገባት ግን ለኢንፌክሽን በር መክፈት ነው፤ የተነፋ አንጀትም ከወትሮው ይልቅ ወደ ሆድ ግድግዳ ይጠጋል። ሊ ሆዱን ትቶ በእጅና በእግር ነጥቦች ላይ ወግቶ፣ ወደ ሆዱ ያቀረበው ሙቀት ብቻ ነው። እሱንም ከቆዳው አርቆ ይዞታል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በስፌቱ ዙሪያ ያለው ቆዳ ብዙ ጊዜ ስሜቱን ያጣል፤ ታካሚው «ተቃጠልኩ» እስኪል የሚጠብቅ ባለሙያ ቁስል ላይ ቁስል ይጨምራል።

ከመርፌው በፊት ያለው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የተነፋ ሆድ ሁሉ ጋዝ አይደለም። የተሰፋው አንጀት ሊያፈስ ይችላል። አንጀት ሊታጠፍ ወይም ሊዘጋ፣ ውስጥ ደም ሊጠራቀም ይችላል። ሆዱ እንደ ሳንቃ ጠንክሯል? ትኩሳቱ ተመልሷል? የልብ ምቱ ፈጥኗል? ያስመልሰዋል? ሬስተን ተኝቶ የነበረው እነዚህን ጥያቄዎች ቀን ከሌት የሚጠይቁ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ባሉበት ክፍል ነው። ሊ ብቻውን አልነበረም፤ ብቻውን መሆንም አልነበረበትም። በግል ክሊኒክ ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ያንኑ ሕመምተኛ በዚያው ሌሊት ቢያገኘው፣ ያንኑ ዙሳንሊ ቢወጋለት፣ ሥራው አንድ ዓይነት ቢመስልም አንድ አይደለም። መርፌውን ደኅና ያደረገው ጎረቤቱ ያለው የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው።

መርፌው ሠርቷል ወይ?

አንጀት ከተነካካ በኋላ ለጊዜው ሥራ ያቆማል። ትንሹ አንጀት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይነቃል፤ ጨጓራ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን፣ ትልቁ አንጀት ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይወስድበታል። ሁለተኛው ሌሊት የሚውለው በዚህ ሰሌዳ መካከል ነው። ስለዚህ ሬስተን ምንም ሳይደረግለት ቢያድር ኖሮም ሊሻለው ይችል ነበር። ይህን የማይቀበል ባለሙያ ከአንድ ሕመምተኛ ላይ የማይገባውን ምስክርነት እየጠየቀ ነው። ሐሳብን ወደ ሌላ የሚስብ ሕመም፣ የሚያጽናና ሰው ሃያ ደቂቃ አጠገብ መቀመጡ፣ የሙቀቱ ምቾት፤ እነዚህም ሁሉ ድርሻ አላቸው፤ አንዱን ሬስተን ራሱ ጠቅሶታል።

በሌላ በኩል የሊ ምርጫ ከአፈ ታሪክ የወጣ ብቻ አይደለም። በአይጦች ላይ በተሠሩ የሥነ ሕይወት ጥናቶች፣ የኋላ እግር ሲነካካ የጨጓራ እንቅስቃሴ ከአንጎል ግንድ ወደ ሆድ በሚወርደው በቬገስ ነርቭ በኩል ይጨምራል፤ የሆድ ቆዳ ሲነካካ ግን ይቀንሳል። ከእግር የተነሳ ምልክት በአከርካሪና በአንጎል ግንድ በኩል ዞሮ ወደ ሆድ ይመለሳል ማለት ነው። ስለ ሕመም ማስታገሱም ተመራማሪዎቹ ሜልዛክና ዎል በ1965 ያቀረቡት ጽንሰ ሐሳብ፣ አንድ የስሜት ምልክት ሌላውን የሕመም ምልክት በአከርካሪ ውስጥ በር ሊዘጋበት እንደሚችል ያስረዳ ነበር። ሬስተን ሲወጋ ይህ ጽንሰ ሐሳብ ገና ስድስት ዓመቱ ነው።

በሰዎች ላይ የተሠራውም ለየብቻው መታየት አለበት። በ2013 ሆንግ ኮንግ ውስጥ በ165 የአንጀት ካንሰር ታካሚዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ዙሳንሊን ጨምሮ በጥቂት ነጥቦች ላይ በኤሌክትሪክ የታገዘ አኩፓንክቸር ያገኙት ታካሚዎች የመጀመሪያውን ሰገራ ያዩት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአማካይ በ86 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ምንም አኩፓንክቸር ያላገኙት በ122 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ልዩነት አላገኘም። ከዚህ ተነስቼ የምወስደው አቋም ይህ ነው፦ ሊ ያደረገው ነገር ምክንያታዊ ነበር፣ አደጋው ትንሽ ነበር፣ ዋና ሕክምናን አላዘገየም፣ ታካሚውም ፈቅዷል። «አዳነው» ለማለት ግን አንድ ሰውና አንድ ሰዓት አይበቁም።

ከሆስፒታሉ ፕሮፌሰሮች አንዱ መጀመሪያ በአኩፓንክቸር እንደማያምኑ፣ ነገር ግን የታየ ነገር የታየ መሆኑን ለሬስተን ነግረውታል። ይህንን ንግግር ከቻይና ታሪክ ለይቶ ማየት አይቻልም። በ1822 የቺንግ ንጉሠ ነገሥት አኩፓንክቸርን ከቤተ መንግሥቱ የሕክምና ተቋም አስወጥተውት ነበር። በ1929 በብሔርተኛው መንግሥት ዘመን ባህላዊው ሕክምና በጠቅላላ እንዲቀር ሐሳብ ቀርቦ ባለሙያዎቹ በሰልፍ ነው ያስቀሩት። ከ1950ዎቹ ጀምሮ አዲሱ መንግሥት የሁለቱን ሕክምናዎች አንድነት መመሪያ አደረገው፤ ሐኪም ጥቂት፣ ሕዝብ ብዙ ነበርና። ስለዚህ ዉና ሊ በአንድ ሆስፒታል መገኘታቸው በፍቅር ብቻ የተፈጠረ አልነበረም፤ ትእዛዝም ነበረበት። ቢሆንም አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ታካሚውን ለሃያ ደቂቃ ለባለመርፌ ሲለቅ፣ ያም ባለመርፌ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መልሶ ሲያስረክብ፣ በትእዛዝ ብቻ የማይገኝ መተማመን ያስፈልጋል።

ከሬስተን በኋላ

ዘገባው ጁላይ 26 ቀን 1971፣ አፖሎ 15 ወደ ጨረቃ በተነሳበት በዚያው ቀን በጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ ወጣ። ሬስተን በዘገባው ውስጥ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ፣ አኩፓንክቸር ዕውርነትንና ሽባነትን ይፈውሳል የሚለውን ወሬ ለመዳኘት ብቃት እንደሌለው ነው። ነገሩ ሆን ተብሎ ለዜና የተደረገ ነው ለሚሉትም፣ ለጽሑፍ ሲል ብዙ ነገር ቢያደርግም በሌሊት ሆዱን ማስቀደድና ራሱን እንደ ጃርት በመርፌ ማስሞላት ከነዚያ ውስጥ እንደማይገባ መልሷል። ታካሚው ይህን ያህል ጠንቃቃ ነበር። የተቀበሉት ግን አልተጠነቀቁም። በመስከረም ወር የአሜሪካ ሐኪሞች ቡድን ቻይና ገባ፤ በፌብሩዋሪ 1972 ኒክሰን ሲጎበኙ ሐኪማቸው በመርፌ ማደንዘዣ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና አየ። የዓለም ዓይን ሁሉ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። በመርፌ የደነዘዙት ታካሚዎች ተመርጠው የቀረቡ እንደነበሩ፣ ብዙዎቹም ማረጋጊያና የአካባቢ ማደንዘዣ ይጨመርላቸው እንደነበር የታወቀው ቆይቶ ነው። ያ ሲታወቅ ቁጣው በሙያው ሁሉ ላይ አረፈ። ሊ በሁለተኛው ሌሊት የሠራው ትንሽና ንጹሕ ሥራም አብሮ ተረሳ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ አኩፓንክቸር አመኔታ ያጣው ሊሠራ በማይችለው ነገር ስለተወደሰ ነው።

ኔቫዳ በ1973 አኩፓንክቸርን በሕግ ፈቀደች፤ ሌሎች ግዛቶች ተከተሉ። በኖቬምበር 1997 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት ጉባኤ ማስረጃውን ሁሉ መርምሮ መግለጫ ሲያወጣ፣ በግንባር ቀደምነት ያስቀመጠው ከቀዶ ሕክምናና ከካንሰር መድኃኒት በኋላ የሚመጣን ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ ከጥርስ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለን ሕመምም ነበር። ማለትም ቢላዋው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፣ በማገገሚያው አልጋ ላይ። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1996 የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የአኩፓንክቸር መርፌን ከሙከራ መሣሪያነት አውጥቶ፣ ንጹሕና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል እንዲሆን ደንብ አውጥቶለት፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ እጅ እንዲገባ ፈቅዶ ነበር። ሬስተን ይህን አላየም፤ ውሳኔው የተሰጠው እሱ በዲሴምበር 1995 ካረፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው።